አስቸኳይ፦ የጓደኛዬ ቅልጥም ታመመ፣ ማራቶኑ 19 ቀን ቀርቶታል

ጎህ ሲቀድ (እሑድ፣ ረፋድ 4፡20)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጓደኛዬ አጠገቤ ተኝታለች፤ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅለነዋል። ዛሬ የመጨረሻውን 30 ኪሎ ሜትር ልንሮጥ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሱሉልታ ደረስን። 24ኛው ላይ ቆመች። አምስት ወር አብረን ስንሮጥ እኔ እንጂ እሷ ቆማ አታውቅም። የአጥር እንጨት ይዛ፣ ቀኝ እግሯን ከመሬት አንሥታ፣ ምንም ሳትናገር ቀረች። ቅልጥሟ ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ «ይለቀኛል» ስትለኝ ነበር። ጠዋት ሁለት ማስታገሻ ውጣ እንደ መጣች የነገረችኝ በሚኒባስ ስንመለስ ነው። አሁንም ሐሙስ እሮጣለሁ ትላለች። «አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በተቆረጠ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቶኪዮ ላይ አሸንፎ የለም ወይ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። በ19 ቀን የሚያድን ነገር ንገሩኝ። ቅባትም ይሁን መርፌ፣ ምንም ይሁን።

የሰንዳፋ መንገድ
በረዶ ያዢላት። በጨርቅ ጠቅልለሽ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። እኔ የዳንሁት በዚህ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ
የቅልጥም መድኃኒቱ ቅልጥም ነው! ሉካንዳ ቤት ውሰጃት፤ አንዱን ግጣ ስትጨርስ ብድግ ትላለች። ለቀልዱ ይቅርታ፣ እግዚአብሔር ይማራት። የት ነው የምትወዳደሩት?

ፊዚዮ ከሐዋሳ
እህቴ፣ ከመድኃኒቱ በፊት እነዚህን መልሺልኝ። ሕመሙ በአንድ ጣት የሚሸፈን ነጥብ ነው ወይስ አጥንቱን ተከትሎ ወደ ታች የሚወርድ? ማታ ተኝታ ያማታል? ስትራመድስ? ከመቼ ወዲህ ነው አስፋልት ያበዛችሁት? ጫማዋስ?

የጃንሜዳ ሰው
ልጆቼ፣ የዘንድሮ ሯጭ ችግሩ ጥድፊያ ነው። እኛ ጃንሜዳ ስንሰለጥን አንድ ጀማሪ ዓመት ሙሉ በሶምሶማ ይቆይ ነበር። ሣር ላይ፣ ጫካ ውስጥ፣ የፊተኛውን ሰው እግር እያዩ ዝግ ብሎ መሮጥ ነበር። አስፋልት በሳምንት አንዴ ከወጣን ወጣን። ሰውነት መጀመሪያ ሳንባውን ያሠለጥናል፣ ከዚያ ጡንቻውን፣ አጥንት ግን ከሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚደርስ። በአምስት ወር ከዜሮ ወደ 42 ኪሎ ሜትር መዝለል ለሳንባ ይቻል ይሆናል፤ አጥንት ግን አልሰማም ይላል። ደግሞ ስትበሉ፣ ስትተኙ፣ ቁልቁለት ስትወርዱ ያለው ነገር አለ፤ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ጎህ ሲቀድ
ውድድሩ ሐዋሳ ነው፣ ሙሉ ማራቶን። ፊዚዮ፣ አመሰግናለሁ። ነጥብ ነው። ከጉልበቷ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ። አውራ ጣቴን ሳሳርፍበት እጄን ገፋችው። ማታ እንደሚያማት አሁን ጠየቅኋት፤ ዝም አለች፣ ስለዚህ ያማታል ማለት ነው። ስትራመድ ታነክሳለች። ከኮሮኮንች ወደ አስፋልት የወጣነው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። ጫማዋ ሳልባጅ ነው፤ ስትገዛው አዲስ ይመስል ነበር። አሁን ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው የቀኙ ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ተረከዙ ጋ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ አልቋል።

ባሕር ዛፍ
ወጌሻ ዘንድ ውሰጃት! የእኔን ቁርጭምጭሚት በአንድ ቀን ነው የመለሱልኝ። አሽተው፣ ጎትተው፣ በጨርቅ አሰሩት። በሳምንቱ ሮጥኩ።

ፊዚዮ ከሐዋሳ
ባሕር ዛፍ፣ የአንተ የዞረ ነበር። የእሷ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀ አጥንት ቢታሽ ይብሳል እንጂ አይድንም። እባካችሁ ይህን እግር ማንም እንዳያሸው።

የሰንዳፋ መንገድ
በረዶውን ያዛችሁ? ብዙ ሰው ቀላል ስለሆነ ይንቀዋል። 15 ደቂቃ፣ ሦስት ጊዜ።

ሰባት ቁጥር
ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ጥያቄሽ ከመነሻው ልክ አይደለም። እግሩ የእሷ ነው፣ ውሳኔውም የእሷ ነው። አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ ብቻሽን ሩጪ። ማራቶን ለሁለት አይሮጥም፤ መስመሩ ላይ አንድ ደረት አንድ ቁጥር ነው። ተያይዞ መሮጥ የጀማሪ ነገር ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ መጨረሻ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ጎህ ሲቀድ
ሰባት ቁጥር፣ እኔን ስለ ማታውቀኝ አልቀየምህም። ባለፈው ዓመት ከሥራ ስወጣ ሁለት ወር ከአልጋዬ አልተነሣሁም። በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት በሬን የምታንኳኳው እሷ ነበረች። የመጀመሪያው ቀን ከቤቴ እስከ አደባባዩ ድረስ እንኳን ሳልሮጥ ተመለስን፤ ምንም አላለችኝም፣ በማግስቱ እንደገና አንኳኳች። «ብቻሽን ሩጪ» ማለት ለአንተ ቀላል ነው። እኔ የምጠይቀው እሷም መስመሩ ላይ እንድትቆም ነው።

እማማ ሯጭ
አንዲት ነገር እኔ ልጠይቅ፣ ሴቶች ስለሆናችሁ። የወር አበባዋ ቀርቷል ወይ? አታፍሪ፣ ጠይቂያት። ብዙ ሮጦ ትንሽ የበላ ሰውነት መጀመሪያ የሚያቋርጠው እሱን ነው፣ ከዚያ አጥንት መሳሳት ይጀምራል። እኔን ያጋጠመኝ እንዲሁ ነው። ጾም እየጾመች ነው የምትሮጠው?

ጎህ ሲቀድ
ሦስት ወር ሆኗታል። ለእኔም አልነገረችኝም ነበር። አዎ ትጾማለች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ሮጣ ተመልሳ ውኃ እንኳን ሳትቀምስ ወደ ሥራ ትሄዳለች።

እማማ ሯጭ
እንግዲህ የእግሯ ብቻ አይደለም። ጾሟን ግደፊ አልልም፣ እሱን ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር፤ ለታመመ ሰው መልስ አላቸው። ሐኪም ስታይ ግን የወር አበባውን ነገር ሳትደብቅ ትናገር። ስትፈታም ሽሮ በእንጀራ ብቻ አይበቃም፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ በሶ በደንብ ትመገብ።

ፊዚዮ ከሐዋሳ
አሁን ግልጽ ሆነልኝ። አጥንቱን ተከትሎ የሚወርድ ሕመም ቢሆን ኖሮ ቀነስ አድርጋ፣ ሣር ላይ ሮጣ ልትድን ትችል ነበር። በአንድ ነጥብ ላይ የሚያም፣ ማታ የሚቀሰቅስ፣ ስትራመድ የሚያስነክስ ሕመም ግን በድካም ብዛት የተሰነጠቀ አጥንት ነው ብለን መያዝ አለብን፣ ሐኪም አይደለም እስኪል ድረስ። ይህ በ19 ቀን አይድንም። ቶሎ የተያዘው እንኳን ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። ስንጥቁ በቅልጥሙ አጥንት መሃል፣ ከፊት በኩል ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የዘገየው ነው፤ እየተሮጠበት ሙሉ በሙሉ የተሰበረም አለ። ስለዚህ፦ ከዛሬ ጀምሮ ሩጫ የለም። ስትራመድ ካመማት ክራንች ትያዝ። የአጥንት ሐኪም ትይ። ማስታገሻ ውጦ መሮጥ ይቅር፤ ሕመሙ ማስጠንቀቂያ ነው፣ እሱን ዝም ማሰኘት ስንጥቁን ያሰፋል። ማስታገሻው በረጅም ሩጫ ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትንም ይጎዳል። ሕመሙ ሲቀንስና ሐኪሙ ሲፈቅድ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ፣ እግሯ ወለሉን ሳይነካ፣ መሮጥ ትችላለች፤ ትንፋሿ አይጠፋም።

ቅዳሜ ማለዳ
ቅልጥሙን ትቼዋለሁ፣ ፊዚዮን ስሙት። እኔም በእንዲህ ያለ እግር ሮጬ አራት ወር ቤት ተቀምጫለሁ።

የጃንሜዳ ሰው
ጓደኛሽ አበበን አንሥታለች፤ እንግዲያው አበበን ሙሉውን ታንሣ። ቶኪዮ፣ ጥቅምት 1957 ዓ.ም.፦ የተቆረጠው ትርፍ አንጀቱ ነበር፣ እግሩ ደኅና ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 1961 ዓ.ም.፣ ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን ታሞ ነው መስመሩ ላይ የቆመው። ያው አበበ፣ ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈው አበበ፣ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ። አብሮት ይሮጥ የነበረው ማሞ ወልዴ ከሳምንት በፊት በ10 ሺህ ሜትር ብር ያገኘ ሰው ነበር፤ ያለ አበበ ቀጠለ። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገብቶ ወርቁን ለሀገሩ አመጣ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርሁ፣ ጎረቤት ሬዲዮ ከበን ነው የሰማነው። ማሞ አበበን ከዳው ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ይህን አንብቢላት፣ ልጄ።

ሰባት ቁጥር
ጋሼ የተናገሩት ልክ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ቀደም ብዬ የጻፍሁት ሻካራ ነበር፣ ይቅርታ። በርሽን የምታንኳኳበትን ነገር አላውቅም ነበር።

ባሕር ዛፍ
ለአንቺም አንድ ነገር፣ ምክንያቱም ማንም ስላንቺ አልጠየቀም። ዛሬ የቀረብሽን 6 ኪሎ ሜትር ነገ ላካክስ ብለሽ እንዳትወጪ። አልፏል። የቀሩት ሳምንታት መቀነሻ ናቸው፤ የሳምንቱን ርቀት በግማሽ ያህል አውርጂ፣ ፍጥነቱን ጥቂት ጠብቂ። ሐዋሳ ከሱሉልታ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ትንፋሽ ይቀልሻል፣ በዚያ ተታልለሽ በፍጥነት እንዳትነሺ። ፀሐዩ ከበድ ይላል። ጓደኛሽ ባጃጅ ይዛ 10ኛው፣ 21ኛውና 32ኛው ላይ ውኃና በሶ ይዛ ትጠብቅሽ። 32ኛው ላይ የምታውቂው ሰው ፊት ምን እንደሆነ ያን ቀን ታያለሽ።

ጎህ ሲቀድ (ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡05)
ከክሊኒክ ነው የምጽፈው። የጋሼን ጽሑፍ ማታ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዛሬ ራጅ ተነሣች። ንጹሕ ነው አሉን! ስንጥቅ የለም፣ የጡንቻ ነው ብለው ቅባትና መርፌ ጻፉላት። አሁን ደስ ብሏት ጫማ ልንገዛ እንሂድ ትለኛለች። ሐሙስ ቀለል አድርጋ ብትሞክርስ?

ፊዚዮ ከሐዋሳ (ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡11)
አይሆንም! ጫማውን ግዙ፣ ሐሙስን ግን ተዉት። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። አጥንቱ መጠገን ሲጀምር ነው ጥላው የሚወጣው። ንጹሕ ራጅ ማለት ንጹሕ አጥንት ማለት አይደለም። የአጥንት ሐኪም ያያት፣ የሚቻል ከሆነ በኤም አር አይ፤ እሱ ቀድሞ ያሳያል። ካልተቻለ ደግሞ እንደ ተሰነጠቀ ቆጥራችሁ ያዙትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ራጁን ድገሙት። አንብበሽ እንደሆነ አንድ ቃል ጻፊልኝ።

የሰንዳፋ መንገድ
እስከዚያው በረዶውን አትርሱ።

ፊዚዮ ከሐዋሳ (ረቡዕ፣ ምሽት 1፡30)
ጎህ ሲቀድ፣ አንብበሽዋል?

የጃንሜዳ ሰው (ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11፡40)
ልጄ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። የት ናችሁ?