ኦ ኔጌቲቭ ነኝ፤ የት ልውለድ?

የሰሚቷ፦
ሰላም እህቶች። የመጀመሪያዬ ነው፤ 22 ሳምንት ሆኖኛል። የምከታተለው ሰፈሬ ባለው ጤና ጣቢያ ነው። በእግር 10 ደቂቃ፣ ክፍያ የለም፣ አዋላጇ ሲስተርም በስሜ ትጠራኛለች። የባሌ እህት ግን «የመጀመሪያ ልጅ እንዴት ጤና ጣቢያ ይወለዳል!» ብላ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ዶክተሩ አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ አሳርፎ «ጤነኛ ነው» አለና ቀጣዩዋን ጠራ። ስለ ወሊድ ስጠይቀው «ሲደርስ እናየዋለን»። ሶፋቸው ግን እንቅልፍ ያስወስዳል፣ አልዋሽም።

እናቴ ደግሞ «አራታችሁንም ጤና ጣቢያ ወልጄ ምን ሆናችሁ?» ትላለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ደሜ ኦ ኔጌቲቭ ነው። አክስቴ ሾተላይ አለባት እየተባለ ሦስት ልጅ ቀብራለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፦
የመጀመሪያውን የግል ነው የወለድኩት። ዘጠኝ ወር ያየኝ ዶክተር ምጤ የመጣ ሌሊት አልነበረም። ያዋለደኝን ሰው ያወቅኩት እዚያው አልጋ ላይ ነው። ጎበዝ ነበር፣ ምስጋና ይግባው፤ ግን ለዚያኛው ስንት ቀን ወረፋ ጠብቄ! ስለዚህ ከዶክተሩ ስም ይልቅ ይህን ጠይቂ፦ ሌሊት ተረኛው ማን ነው? ማደንዘዣ የሚሰጠው እዚያው ያድራል ወይስ ከቤቱ ነው የሚጠራው? ኦፕራሲዮን ቢሆን ጠቅላላ ስንት? እኔ ሂሳቡን ያየሁት ስወጣ ነው፤ ሁለተኛ ምጥ በይው። ሁለተኛዋን መንግሥት ሆስፒታል ወለድኩ። ባሌን በር ላይ አስቀሩት፣ ገንፎው ግን ገባ።

አዋላጅ ነርስ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ባልሽ ደሙን ይመርመር። እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ስጋቱ የለም። ፖዘቲቭ ከሆነ ልጁ የአባቱን ሊወስድ ይችላል። በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ አንቺ ሲገባ ሰውነትሽ እንደ ባዕድ አይቶ መከላከያ ያመርትበታል። የመጀመሪያውን ልጅ ብዙ ጊዜ አይነካውም፤ የሚጎዳው ተከታዩ ነው። ሾተላይ የሚባለው ይኸው ነው። ዛሬ መርፌ አለው፣ አንቲ-ዲ ይባላል። ኩምብስ የሚባለውን የደም ምርመራ ካደረግሽ በኋላ አንዱን 28 ሳምንት ላይ ትወጊያለሽ። ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ሌላውን በወለድሽ በ72 ሰዓት ውስጥ። በመሃል ደም ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሂጂ። መርፌው ውድ ነው፣ በየፋርማሲው አይገኝም፤ ከአሁኑ አፈላልጉ። ክትትሉን እዚያው ጤና ጣቢያሽ ቀጥዪ። ወሊዱ ግን ኦፕራሲዮንና ደም ያለበት ሆስፒታል ይሁን። ኔጌቲቭ ደም እንደ ልብ አይገኝም። ሲስተሯ ሪፈር ትጽፍልሻለች።

አባት ከገላን፦
መንገዱን ሰኞ ጠዋት ሞክሩት። እሁድ 20 ደቂቃ የነበረው እኛን አንድ ሰዓት ፈጅቶብናል። ከዘመድ ኦ ኔጌቲቭ ደም ያለውንም ከወዲሁ ፈልጉ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

የሰሚቷ፦
አሜን፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባሌ ተመረመረ፣ ፖዘቲቭ ነው። መርፌ ስለሚፈራ ላብራቶሪው በር ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ሪፈሩ ተጽፎልኛል፣ ነገ መንግሥት ሆስፒታል ካርድ አወጣለሁ። አሁን የቀረው ለእህቱ መንገር ነው። እሱ ይንገራት።