ከቀርከሃ መጋረጃው ጀርባ ያለችው ተዋናይት ገና ከመጀመሪያው ትታያለች፤ አጠቃላይ ልምምዱ ነገ ነው!

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የጃፓኗ ሙራሳኪ ሺኪቡ በቤተ መንግሥት ሳለች የጻፈችውን የዕለት ማስታወሻ መነሻ ያደረገ የ50 ደቂቃ ተውኔት ነው። ጸሐፊዋ ከቀርከሃ መጋረጃ ጀርባ ሆና ታነባለች። መጀመሪያ ድምፅዋ ብቻ እንዲሰማ፣ ኋላ ቀስ ብላ እንድትታይ ነበር የታሰበው። አሁን ግን ገና ስትገባ ፍንትው ብላ ትታያለች። የፊት መብራቱን ሳደምቀው ደግሞ ቀርከሃው ዓይን ይወጋል።

ባለመብራት፦ የፊት መብራትህ ከተመልካቹ በላይ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ከሆነ በስንጣሪዎቹ መሃል ሾልኮ እሷ ላይ ያርፋል። ወደ ጎን አውጣውና በሰያፍ ቀርከሃውን ብቻ ይምታ። እሷን ከመጋረጃው 1.5 ሜትር ያህል ወደ ኋላ አርቃት፤ ከጀርባዋ ጥቁር ጨርቅ ይሰቀል። መታየት ሲኖርባት የኋላውን መብራት በ8 ሰከንድ እያነሳህ የፊቱን አብረህ ወደ 10 በመቶ አውርድ። ሁለቱ እኩል ከበሩ አይሆንም።

አንባቢ፦ ለመሆኑ ለምን መታየት አስፈለጋት? በሄያን ዘመን፣ ማለትም ጸሐፊዋ በኖረችበት የጃፓን ዘመን፣ መጋረጃው ጌጥ አልነበረም። የመኳንንት ሴት ከእንግዳ ወንድ ጋር የምትነጋገረው ከዚያ ጀርባ ሆና ነው። ወንዶቹ የቤተ መንግሥቱን ውሎ በቻይንኛ ሲመዘግቡ ሴቶቹ ካና በሚባለው የጃፓን ፊደል የገዛ ቋንቋቸውን ጻፉ። ስለዚህ እንደ ዜና መዋዕል አታስነብቧት፤ የአንዲት ሴት የልብ ወሬ ነው። ሰው የሚያየው ከመጋረጃው ግርጌ የወጣውን የእጅጌ ጫፍ ነበር፤ በቀለሙ አመራረጥ የሴትየዋን ጣዕም ይለካበታል።

ሦስተኛ ረድፍ፦ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ስቀል፣ ያልቃል።

ባለመብራት፦ እሱማ ተብሏል። ቀርከሃው የሚያብለጨልጨው ቫርኒሽ ስላለው ነው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ የማያብረቀርቅ ቡናማ የውሃ ቀለም በስሱ ቀባው፤ ዛሬ ማታ ይደርቃል።

የአልባሳት ክፍል፦ ቆይ ወንድሜ፣ ምን ለብሳለች?

ጠያቂ፦ ነጭ በነጭ። በማስታወሻው ላይ ሁሉም ነጭ ለብሰው ነበር ይላል።

የአልባሳት ክፍል፦ በቃ ተገኘ! ነጭ ልብስ የሾለከችዋን ብርሃን ሁሉ ሰብስቦ ይመልሳል፤ መብራት ብታዞር ብቻውን አያድንህም። ነጩ ደግሞ በ1008 እ.ኤ.አ. የእቴጌዋ ልጅ ልዑሉ ሲወለድ ለወሊዱ ሰሞን የተለበሰ ነው፤ በ8ኛው ቀን ሁሉም ወደ ቀለም ልብሳቸው ተመልሰዋል። ትዕይንትህ ከዚያ በኋላ ከሆነ ጥቁር ሐምራዊ ወይም ድፍን ቀይ አልብሳት። ብዙ ልብስ መደራረብ የለብህም፦ በአንድ ቀሚስ አንገትና እጅጌ ላይ 5 የጨርቅ ቅዳጅ፣ እያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር እየታየ፣ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ አድርገህ ስፋ። ወሊዱ ላይ ከሆነ ግን ነጩን አትንካ፤ ጥቁር የመረብ ጨርቅ ከቀርከሃው ኋላ አያይዝ።

ጠያቂ፦ ትዕይንቱ ከወሊዱ በኋላ ነው! ግን እጅጌዋን ከግርጌ ላወጣ ብል 1.5 ሜትር ራቅ ብላለች፤ አይደርስም።

አንባቢ፦ እሷ ባለችበት ትቆይ። መጋረጃውን ከወለሉ 25 ሴንቲ ሜትር አንሱና ለብቻው የተሰፋ እጅጌ ዘርጉበት። ድምፅዋ ከኋላ ሲመጣ ተመልካቹ ራሱ ያገናኘዋል።

የአልባሳት ክፍል፦ እጅጌው ግን ከቀሚሷ ጨርቅ ይቆረጥ፤ አለበለዚያ ስትታይ የሌላ ሰው ይመስላል።

ባለመብራት፦ የኋላው መብራት ሃሎጅን (በጣም የሚሞቅ አምፖል) ከሆነ ከቀርከሃውም ከጨርቁም ከ1 ሜትር በላይ ይራቅ። የጭስ ሽታ ከመጣ ልምምዱን አቁም። ደግሞስ ስንት መብራት ነው ያለህ?