ያረጀች ድመቴ መዝለል አቃታት፤ ቁርጥማት ይሆን?

ጥያቄ፦
ሰላም የጎንደር ሰዎች። ድመታችን ቡሬ 13 ዓመቷ ነው። ድሮ መደቡ ላይ አንዴ ዘላ ጉብ ትል ነበር። አሁን የፊት እግሯን ታስደግፍና እየተንጠላጠለች ነው የምትወጣው። አታነክስም፤ በደንብ ትበላለች። ግን የጀርባዋ ፀጉር ተድበልብሏል። ወገቧን ስነካት ትቆጣለች። ሽንቷንም ከአሸዋዋ ውጭ ማድረግ ጀምራለች። ክረምቱ ከገባ ደግሞ ብሶባታል። ጎረቤቴ «ግማሽ ፓራሲታሞል ስጫት» አለችኝ። ልስጣት?

መልስ (ከአዘዞ)፦
እህቴ፣ በፍጹም እንዳትሰጪያት! ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ መድኃኒቱን ማስወገድ አይችልም። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷ ያብጣል። የባለ 500 ሚሊግራሙ ግማሽ እንኳን ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም አይሆኑም። የሚቀባውም ቢሆን ትልሰዋለች።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)፦
የገለጽሽው የመገጣጠሚያ ህመም ይመስላል። ድመት ህመሟን ትደብቃለች። ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ እኩል ስለሚታመም አታነክስም። ወገቧን ማጠፍ ስለሚያማት ጀርባዋን መላስ ትተዋለች። ሽንቱ ግን ከፊኛ ወይም ከኩላሊት ሊሆን ስለሚችል ሳትታይ አይደመደም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስላለ እዚያ ጠይቂ። ሜሎክሲካም የሚባል የህመም ማስታገሻ ለድመት ይታዘዛል፤ ኩላሊቷ ታይቶ፣ ተመዝና፣ ከምግብ ጋር ነው የሚሰጠው። ለሰው የተሠራውን ክኒን ሰባብረሽ እንዳትሞክሪ። የሰው ክኒን 7.5 ወይም 15 ሚሊግራም ነው። ለ4 ኪሎ ድመት በአፍ የሚታዘዘው ግማሽ ሚሊግራም እንኳን አይሞላም።

መልስ (ከማራኪ)፦
እስከዚያው ቤቱን አመቻቺላት። እኔ ለአሮጊቷ ድመቴ የቢራ ሳጥን ገልብጬ ጆንያ አለበስኩበት፤ በእሱ ተረማምዳ መደብ ላይ ትወጣለች። ጆንያው እንዳይንሸራተት ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። አሸዋዋ ያለበትን ሳፋ በአንድ በኩል ዝቅ አድርገሽ ቁረጪላት። ጠርዙን መሻገር እያቃታት ነው ውጭ የምትሸናው ይሆናል። የጎንደር ሌሊት እንደምታውቂው ነው፤ በሐምሌ ሲሚንቶ ላይ አታስተኛት። ሃይላንድ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልተሽ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለሽ አጠገቧ አድርጊ። የፈላ ውሃ ግን አይሁን። ጥፍሯንም እዪ። ብዙ ስለማትቧጥጥ እያደገ መዳፏን ሊወጋት ይችላል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ፓራሲታሞሉን ትቼዋለሁ፤ ለጎረቤቴም እነግራታለሁ። ዶክተር፣ ቡሬ ትንሽ ወፍራም ነች። ምግብ ልቀንስባት?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)፦
አዎ፣ ክብደቷ ሲቀንስ መገጣጠሚያዋ ይቀለዋል። ግን ቀስ እያልሽ ነው። ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ምግብ ካቋረጠች ስቡ ጉበቷ ላይ ይከማችና ለሕይወቷ ያሰጋታል። ስለዚህ በጭራሽ አታስርቢያት። ከምትሰጫት ላይ ጥቂት ጥቂት ቀንሺ። ቤት ሚዛን ካለ ታቅፈሻት ውጪበት፣ ከዚያ ብቻሽን ተመዘኚና ልዩነቱን ጻፊው። በየሁለት ሳምንቱ እንዲህ አድርጊ። ምግብ እንቢ ብላ አንድ ቀን ሙሉ ከዋለች ግን ቶሎ ይዘሻት ነይ።