ከጅቡቲ ከተማ እስከ ኦቦክ በመኪና፦ በሐምሌ ወይስ በታኅሣሥ?

ጠያቂ (የድሬ ልጅ)፦
ባለቤቴ ጅቡቲ ወደብ በትራንዚተርነት ሲሠራ አራት ዓመት ሆነው፤ እኔ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። እስካሁን ከከተማው ወጣ ብለን አብረን ስላልተጓዝን፣ በእርሱ ፒክአፕ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ዞረን፣ አሳል ሐይቅንና ታጁራን አይተን እስከ ኦቦክ ለመሄድ አስበናል። ዕረፍት የሚያገኘው ግን በሐምሌ ነው። የድሬዳዋን ሙቀት ለለመደ ሰው ያን ያህል ይከብዳል? ምን ምን ይዘንስ እንውጣ?

መልስ 1 (ሾፌር)፦
እህቴ፣ የሚቻል ከሆነ ዕረፍቱን ያዛውር። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም አሸዋውን እያነሣ ስለሚነፍስ፣ ሌሊቱ እንኳ ዕረፍት አይሰጥም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አሳል ደግሞ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተከቦ ይገኛል። ልዩነቱን በዚህ ይመዝኑት። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ለስለስ ይላል፤ በዚያው ወቅት የዓሣ ነባሪ ያህል የሚገዝፈውና ሰው የማይተናኮለው ሻርክ ወደ ባሕረ ሰላጤው ስለሚመጣ፣ በጀልባ ወጥታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።
ነዳጁን ጅቡቲ ከተማ ላይ ሙሉ አድርጋችሁ ውጡ። የጎማውን ነፋስ በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩት፤ መንገድ ላይ ሞቆ ልኩ ጨምሮ ብታገኙት አታስቀንሱት፣ ሲቀዘቅዝ ይጎድላልና። ጎሚስታ በየቦታው ስለማይገኝ እስኮርታው ደህና መሆኑን፣ ክሪኩም መሥራቱን ከመነሣታችሁ በፊት ሞክሩ። ሲመሽ ግመልና ፍየል አስፋልቱ ላይ ስለሚተኛ በሌሊት አትንዱ።

መልስ 2 (የታጁራ ወዳጅ)፦
በወቅቱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ወደ ኦቦክ አትቸኩሉ። ታጁራ ነጫጭ ቤቶችና ብዙ መስጊዶች ያሏት ጥንታዊት የአፋር ከተማ ስትሆን፣ ወደ ሸዋ የሚወጣው ቅፍለት መነሻም ነበረች። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚያቀርበውን ጠመንጃ ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ለብዙ ወራት ግመል እስኪሟላለት የጠበቀው እዚያ ነው። ሁለት ሌሊት እደሩ፤ አንዱን ቀን ጎዳ ተራራ ላይ ወዳለው የዳይ ደን ውጡ። ከዚያ ሁሉ ነበልባል በኋላ ጽድ በበቀለበት ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ፣ ለእኔና ለባለቤቴ ከጉዞው ሁሉ የማይረሳው ሰዓት ነበር።

መልስ 3 (ተጓዥ)፦
ማንም ያላነሣውን ልጨምር። ከታጁራ ወደ ኦቦክ በሚወስደው መንገድ ዳር በእግራቸው የሚጓዙ የአገራችን ልጆች ታገኛላችሁ፤ ከኦቦክ አካባቢ በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር፣ አልፎም ሳዑዲ ለመድረስ ተስፋ ያደረጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በዚያው ዳርቻ ሰጥመው በርካታ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። መኪና ላይ ማሳፈር በሰው ማዘዋወር ሊያስጠረጥር ስለሚችል አልመክርም። ውኃ ግን መስጠት ይቻላል፤ ከጀሪካን ቀድቶ ማጠጣት ብቻ ሳይሆን፣ ይዘውት እንዲሄዱ በሃይላንድ ሞልታችሁ ኦ.አር.ኤስም ጨምሩበት። በቋንቋቸው ሰላምታ ስታቀርቡላቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚለወጥ ታያላችሁ።

ጠያቂ (የድሬ ልጅ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሶቹን ለባለቤቴ በስልክ አነበብኩለት፤ ዕረፍቱ ወደ ታኅሣሥ እንዲዛወርለት ዛሬ ማመልከቻ አስገብቷል። ባዶ ሃይላንድ ማጠራቀም የጀመርኩ ሲሆን፣ ለእኛ ከምንይዘው ውኃ ሌላ ሁለት ጀሪካን ለመንገደኞቹ እንጭናለን።