«ሃይማኖት አያድንም» ያለ ሰው ምን ማለቱ ነው?

የከዚራ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ የቃል ነው እንጂ የሃይማኖት ክርክር ልከፍት አይደለም። ክርክሩንማ ጠግቤው ነው የመጣሁት።

እኛ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፎቹ ስር፣ ጠዋት ጠዋት ፈጢራ በልተን ሻሂ በወተት ይዘን የምንቀመጥባት ቤት አለች። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቼ እዚያ ተያያዙ። አንዱ የተዋሕዶ ልጅ ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ። ሌላው ጴንጤ ነው፣ ኳየር ውስጥ የሚዘምር። ርዕሱ የምታውቁት ነው፤ አንዲቱ እውነተኛ ቤተ ክርስቲያን የትኛዋ ናት? አንዱ ከሐዋርያት ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣውን ክህነት አነሳ። ሌላው «ቤተ ክርስቲያን ማለት ያመነ ሰው ሁሉ ነው፣ ታርጋ የላትም» አለ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበሩ። ሻሂም ይጠጡ ነበር።

ፀሐዩ ከረር ሲል ግን ጴንጤው «አቦ ተወኝ፣ ሃይማኖት አያድንም! የሚያድነው ኢየሱስ ነው» ብሎ ወረወራት። ያኛው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እምነት አያድንም ነው የምትለው? በቃ ጳውሎስን ካድከው።»

«እምነት ያድናል እንጂ! እኔ ያልኩት ሃይማኖት ነው።»

«ታዲያ ሃይማኖት ምንድነው?»

ጴንጤው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ሃይማኖት እኮ... ሃይማኖት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኹ። እኔ መሃል ተቀምጬ ስሰማ ሁለቱ አንድ ቃል ተካፍለው ለየብቻቸው የሚያወሩ መሰለኝ። እና ጥያቄዬ፦ ሃይማኖትና እምነት በግዕዙ ይለያያሉ ወይ? ከተለያዩስ የት ላይ ነው የተለያዩት?

የቆሎ ተማሪ፦

ጥሩ ጠየቅህ። በልጅነቴ ዜማ ቤት ጥቂት ዓመት ተቀምጫለሁ። ከዚያ በላይ አልመካም።

በግዕዝ ሃይማኖት ማለት ማመን ነው። ዛሬ መታወቂያ ላይ እንደሚሞላው፣ ክርስትና፣ እስልምና ተብሎ እንደሚቆጠረው አይደለም። ቃሉ ከሱርስት ሰፈር፣ ከድሮው የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ የመጣ ነው፤ እዚያም ትርጉሙ እምነት ነው። ሥሩን ብትቆፍር «አመነ»፣ «እምነት»፣ «አሜን» የሚሉት ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው።

ማየት ከፈለግህ የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ ክፈት፣ ኤፌሶን። ምዕራፍ 2 ቁጥር 8 ላይ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ይላል። ወደ ምዕራፍ 4 ግለጥ። ቁጥር 5፣ «አንድ ጌታ አንድ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀት» ይላል። ግሪኩ ሁለቱም ቦታ ላይ አንድ ቃል ነው ያለው፣ ፒስቲስ። መልእክቱ አንድ፣ ቃሉ አንድ፤ ሁለት ያደረገው አማርኛው ነው። አዲሱ መደበኛ ትርጉም ሁለተኛውንም «አንድ እምነት» አድርጎታል። እንግዲህ «ሃይማኖት አያድንም» የሚለው አባባል ግዕዝ ለለመደ ጆሮ ምን እንደሚመስል አስበው። ኤፌሶን 2ን በቀጥታ መቃወም ነው።

መለያያውን ከጠየቅህ ይሁዳ ቁጥር 3ን እጠቁምሃለሁ። «ለቅዱሳን አንድ ጊዜ ፈጽሞ ስለ ተሰጠ ሃይማኖት» ይላል። እዚህ ላይ ሃይማኖት በልብ ማመኑ ሳይሆን የሚታመነው ነገር ነው። የተረከቡት አደራ በለው። ከአደራው ወደ አደራ ጠባቂው ማኅበር፣ ከማኅበሩ ወደ ድርጅቱ አንድ አንድ እርምጃ ነው። ቃሉ በዚያ ደረጃ የወረደ ይመስለኛል።

ሳቢያን፦

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ከውስጥ ልናገር። በኛ ቤት ሃይማኖት ሲባል ደረቅ ወግ ማለት ነው። ልብ ሳይኖር የሚፈጸም ሥርዓት። ማንም ተነስቶ «ሃይማኖት በግዕዝ ምንድነው» ብሎ የጠየቀ የለም፤ ስብከት ላይ ሰማን፣ ደገምነው። ጋሼ ቆሎ ተማሪ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ያዕቆብ 1፥27ን አየሁ። «ንጹሕ የሆነ ነውርም የሌለበት አምልኮ» ይላል። እኛ ልንል የፈለግነው ለዚህ ይቀርባል። «ወግ ብቻውን አያድንም» ብንል ማንም ብርጭቆ አያስቀምጥብንም ነበር።

ሌላም ቃል አለ የሚያጣላ፤ «ተቀበለ»። የመጀመሪያ ዓመት ላይ፣ ገና ትኩስ ሳለሁ፣ አያቴ ጋ ሄጄ «እማዬ፣ ጌታን ተቀብለሻል?» አልኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ጸሎተ ሐሙስ ነዋ!» አለች። ከዚያ መቁያውን አንዴ ነቅነቅ አድርጋ «ይልቅ አንቺ ነሽ፣ ካልተቀበልሽ ስንት ዓመትሽ» አለችኝ። ለሷ መቀበል ማለት ሥጋ ወደሙን መቀበል ነው፣ መቁረብ። እኔ ደግሞ የምለው አንድ ቀን እጅ አንስቶ የሚደረገውን ውሳኔ ነው። እስከ ዛሬ ማናችንም አልተሳሳትንም።

ከጀጎል፦

ካቶሊክ ነኝ፣ ሐረር ተወልጄ ያደግሁ። እዚህ ካፑቺኖቹ (የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው) ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ስላሉ ብርቅ አይደለንም። ግን አንድ የድሮ ግስ ላስታውሳችሁ። አያቴን ጎረቤቶቿ «ኮተለከች» ይሏት ነበር። ካቶሊክ ሆነች ማለት ነው። ሲሉት በምስጋና አልነበረም። ቃሉ ውስጥ የአፄ ሱስንዮስ ጣጣ አለበት፤ ንጉሡ በ1622 እ.ኤ.አ. በይፋ ካቶሊክ ሆነው፣ ስንት ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የተዉት ጣጣ። አያቴ ስለ ሱስንዮስ የምታውቀው ነገር አልነበረም። የፈለገችው ቅዳሴ መሄድ ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ «ጴነጠጠ» መጥቷል። ሰው እስላም ሲሆን «ሰለመ» እንላለን። ኮተለከ፣ ጴነጠጠ፣ ሰለመ። ተዋሕዶ ለሚሆን ሰው ግን እንዲህ ያለ ግስ አላውቅም። «ተጠመቀ» ወይም «ክርስትና ተነሳ» ነው የምንለው። አማርኛችን ተዋሕዶን የቤቱ ወለል አድርጎ ነው የሚያየው፤ ግስ የተሠራው ከወለሉ ለሚነሳ ሰው ነው። አልከፋኝም። ቋንቋው ያደገበት ቤት ነዋ።

ስለ «አንዲት» ካነሳችሁ ግን ጸሎተ ሃይማኖትን ተመልከቱ። (ስሙም ያው «ሃይማኖት» ነው።) በ381 እ.ኤ.አ. ቁስጥንጥንያ ላይ የጸደቀው ግሪኩ ስለ ቤተ ክርስቲያን አራት ነገር ይላል፤ አንዲት፣ ቅድስት፣ ካቶሊኬ፣ ሐዋርያዊት። ካቶሊኬ ማለት በሙላት ያለች፣ የሁሉ የሆነች ማለት ነው። እኛ ስማችንን ከዚያ ወሰድን። ግዕዙ ምን አለ? «እንተ ላዕለ ኵሉ»፤ ከሁሉ በላይ የሆነች። የተዋሕዶ ጓደኛዬ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲደግም ኖሯል። «ከሁሉ በላይ» እያለ ያደገን ሰው «ሁሉም እኩል ናቸው» ብትለው እንዴት ይስማማ? እኔ «ኩላዊት» የሚለውን እመርጣለሁ። ግን የሚያምረው የቱ ነው ካላችሁኝ ግዕዙ።

ምድር ባቡር፦

አባቴ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። የልጅነቴ ድሬዳዋ ግሪክም አርመንም ነበረባት። ሁለቱም ኦርቶዶክስ ነን ይላሉ፣ እኛም ኦርቶዶክስ ነን። ታዲያ ለምን አብረን አንቆርብም ብዬ አባቴን ጠየቅኩ። «ከአርመኑ ጋር አንድ ነን፣ ከግሪኩ ጋር በኬልቄዶን ተለያይተናል» አሉኝ። ኬልቄዶንን ባቡር የሚያልፍበት ጣቢያ መስሎኝ ነበር። በ451 እ.ኤ.አ. የተደረገ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ መሆኑን ያወቅሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው።

ተዋሕዶ ማለት አንድ መሆን ነው፤ መለኮትና ትስብእት (ሰው መሆን) ያለ መለየት፣ ያለ መቀላቀል አንድ መሆናቸው። «አንድ መሆን» የሚለው ቃል የመለያያ ስም ሆኖ መቅረቱ ሁሌም ይገርመኛል።

ቀፊራ፦

እኔ ደግሞ «መናፍቅ»ን ልጠይቅ። ከ«ናፈቀኝ» ጋር ዘመድ ነው እንዴ? ከሆነ የኔ እጮኛ መናፍቅ ናት፣ በቀን አስር ጊዜ ነው የምትደውለው።

ደግሞ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቃል ስላስተካከላችሁ ክርክሩ የሚያልቅ አይምሰላችሁ። ክህነት ያስፈልጋል አያስፈልግም፣ ትውፊት እንደ መጽሐፍ ይቆጠራል አይቆጠርም፣ ቅዱሳን ያማልዳሉ አያማልዱም፤ እነዚህ በመዝገበ ቃላት አይፈቱም። እውነተኛ ልዩነት ነው።

የቆሎ ተማሪ፦

ቀፊራ፣ ለእጮኛህ ሰላም በልልኝ። የናፍቆቱን ነገር ለሌላ ቀን እንተወው። መናፍቅ ግን ከ«ንፍቅ» ጋር ነው የሚሄደው። ንፍቅ ማለት ግማሽ፣ ገሚስ ነው። ጂኦግራፊ ላይ «ሰሜን ንፍቀ ክበብ» ስትል የክቡን ግማሽ ማለትህ ነው። ቅዳሴ ላይ «ንፍቅ ዲያቆን» የምንለው የዋናው አጋዥ ነው፣ እሱን ማንም አይሰድበውም። መናፍቅ እንግዲህ የሚከፍል፣ ልቡ ለሁለት የተገመሰ ሰው ነው። ስድብ ከመሆኑ በፊት ሥዕል ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ የሐዋርያት ሥራ 24 ላይ ጳውሎስ ራሱ ገዢው ፊት ቆሞ፣ ከሳሾቹ «ኑፋቄ» በሚሉት መንገድ የአባቶቹን አምላክ እንደሚያመልክ ይናገራል። ቃሉ የተለጠፈበት ሰው ከማን ጋር እንደተሰለፈ ይወቅ።

ልዩነቱ እውነተኛ ነው ያልከው ልክ ነው። እኔም አንዷን ይዤ ነው የምኖረው፣ ማተቤም አንገቴ ላይ ነው። ግን በሌለ ልዩነት መጣላት ያለውን እንዳናይ ያደርገናል። ለምሳሌ የከዚራው ጴንጤ «ቤተ ክርስቲያን ሕንጻ አይደለችም፣ ሰው ናት» ሲል አዲስ ነገር የነገረን ይመስለዋል። ግሪኩ ኤክሌሲያ ነው፣ ስብሰባ ማለት። የሐዋርያት ሥራ 19 ላይ ኤፌሶን ውስጥ ስለ ጣዖቷ አርጤምስ ሲጮህ የዋለውን ሕዝብም በዚሁ ቃል ይጠራዋል፤ እዚያ ጋ ማንም «ቤተ ክርስቲያን» ብሎ አያነበውም። ግዕዙ ግን ለክርስቶስ ማኅበር ሲሆን «ቤተ» ብሎ ጀመረ። ለምን ግድግዳ መረጠ ትል ይሆናል። ቤት በኛ አፍ መቼ ግድግዳ ብቻ ሆነ? «ቤተ ሰብ» ሰው ነው። «ቤተ ዘመድ» ሰው ነው። «ቤተ እስራኤል» ሕዝብ ነው። ቤተ ክርስቲያንም የክርስቲያን ወገን ማለት ነው፣ ከፊደሉ ጀምሮ። የኛም መምህራን ሦስቱንም ነው የሚያስተምሩት፤ ሕንጻው፣ የምእመናን ኅብረት፣ እያንዳንዱ ምእመን።

በእርግጥ «ቤተስኪያን ሳምኩ» ስንል የሳምነው ደጃፉን ነው። እሱን አልክድም።

ሳቢያን፦

ጋሼ፣ እኛ ደግሞ ከ«ቤተ ክርስቲያን» ይልቅ «ቸርች» እንላለን። «ቸርች ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ።» አያቴ የምትለው «አዳራሽ» ነው፤ ስትናደድ። ግን የስሞቻችንን ነገር አይታችኋል? መካነ ኢየሱስ፣ ቃለ ሕይወት፣ መሠረተ ክርስቶስ። ሁሉም ግዕዝ ነው፣ በዘርፍ የተያያዘ፣ ልክ እንደ ደብር ስም። ጎንደር እስቴ ውስጥ ከተማዋ ራሷ መካነ ኢየሱስ ትባላለች። ኮንፈረንስ ላይ ስሰማት ጴንጤ ከተማ መስላኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከጀጎል፦

😂 እኛም በተራችን ደስ ይለን ይሆናል፣ አንድ ቀን።

ጨዋታ ሳይሆን ግን አንድ የምቃወመው ቃል አለኝ፤ «ቤተ እምነት»። ስብሰባና ዜና ላይ «የተለያዩ ቤተ እምነቶች» ይላሉ። ቃሉ ለማንም አይጎረብጥም፣ ለዚህም ይመስለኛል የተወደደው። ግን ማን ነው ቤቱን እንዲህ ብሎ የሚጠራ? ሰው «ወደ ቤተ እምነቴ ልሂድ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የከዚራ ልጅ፦

አልሰማሁም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼን። ዛሬ ጠዋት ኤፌሶንን በስልኬ ይዤ ሄድኩ። ሁለቱም ነበሩ። 2፥8ን አሳየሁ፣ 4፥5ን አሳየሁ፣ ፒስቲስ አልኩ፣ ሱርስት አልኩ። የተዋሕዶው ልጅ «ወላሂ አላውቅም ነበር» አለ። (ድሬ ነን፤ ወላሂ የሁላችንም ነው።) ጴንጤው ስልኬን ተቀብሎ ደጋግሞ አነበበ። ከዚያ «እሺ፣ ሃይማኖት ያድናል፤ የናንተ ግን...» ብሎ ጀመረ። እንደገና ተያያዙ። አሁን ግን የሚከራከሩት ስለ ጥምቀት ነበር። ቁም ነገሩ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን ጴንጤው ለሥራ ተነሳ። ቤቷ ጢም ብላለች፤ ወንበሩ ከወንበር ተጣብቋል። ትሪ የያዘችዋን ልጅና ሁለት ባጃጅ ሹፌሮችን አየት አድርጎ «አቦ፣ እስቲ የማርያም መንገድ ስጡኝ» አለ።

የተዋሕዶው ልጅ ሻሂው ትን አለው።

ለነገሩ፣ «የማርያም መንገድ» ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አለ?