ሁለት ዲኤንኤስ አንድ ላይ ማስገባት ይቻላል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ ራውተር ይሠራሉ። ቪዲዮ አንዴ ከጀመረ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። አዲስ ድረ ገጽ ሲከፈት ግን ባዶ ነጭ ገጽ ላይ ተገትሮ ይቆያል።

ራውተሩ ላይ የጉግልን ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) 8.8.8.8 ሳስገባ ቶሎ ቶሎ መክፈት ጀመረ። ግን ጎጂ ድረ ገጾችን አያግድም። ደንበኞች በቴሌግራም እየመጣላቸው የሚከፍቱት ሊንክ በጣም ያሳስበኛል፤ የሰው ማመልከቻና የትምህርት ማስረጃ ያለበት ኮምፒውተር ነው። ኳድ ናይን ወደሚባለው ሌላ ዲኤንኤስ 9.9.9.9 ስቀይር አጭበርባሪ ገጾችን አገደልኝ፣ መዘግየቱ ግን ተመለሰ።

አሁን 9.9.9.9ን አንደኛ፣ 8.8.8.8ን ሁለተኛ አድርጌ ላስገባ አስቤያለሁ። እንዲህ ካደረግኩ ኳድ ናይን ያገደው ገጽ በጉግል በኩል ሾልኮ ይከፈታል ወይስ እገዳው ይሠራል?