የ1969 ፔኒዬ ላይ ዓመቱ ተደርቧል፤ ደብል ዳይ ነው ወይስ የማሽን?

ካሸሯ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሱቅ ካሸር ነኝ። ትናንት ማታ ሒሳብ ስዘጋ መሳቢያው ውስጥ የ1969 ፔኒ፣ ማለትም የአሜሪካ አንድ ሳንቲም፣ አገኘሁ። ከዓመቱ ሥር ኤስ የምትል ፊደል አለችበት። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው ቁጥሩ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። ቲክቶክ ላይ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል ይላሉ። የራሴን ፔኒ ተክቼ ይዤው መጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የምታውቁ እስቲ እርዱኝ።

የአሌክሳንድሪያው፦ እህቴ፣ የሚወራለት ፔኒ በእርግጥ አለ፤ ደብል ዳይ ይባላል። በ2007 አንድ ሰብሳቢ ከጥቅል ፔኒ ውስጥ አገኘና በ2008 በጨረታ 126,500 ዶላር ወጣለት። ግን የ1969 ኤስ ፔኒ ዋጋ የማይጨምረው የማሽን ድርብ የሚበዛበት ነው። አንድ ነገር ንገሪን። ኤስዋ ራሷም ተደርባለች?

የድሮ ሳንቲም፦ ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳሽ። ዳይ ማለት ሳንቲሙን የሚመታው የብረት ማኅተም ነው። ዳዩ ራሱ ምስሉን የሚያገኘው ሀብ የሚባል ሌላ ብረት በኃይል ሲጫንበት ነው። በዚያ ዘመን አንዴ መጫን አይበቃም ነበር። ዳዩ እሳት ገብቶ ይለሰልስና ሀቡ እንደገና ይጫንበታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ዞር ካለ፣ ድርቡ ዳዩ ላይ ተቀርጾ ይቀራል። ያ ዳይ የመታው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብ ይዞ ይወጣል። ደብል ዳይ የሚባለው ይሄ ነው።

የማሽን ድርብ ላይ ግን ዳዩ ጤነኛ ነው። ማሽኑ ውስጥ በደንብ ስላልጠበቀ መትቶ ሲነሳ ይንሸራተታል። ገና የወጣውን ፊደል ጠርዙን ደፍጥጦት ይሄዳል።

ስለዚህ ውፍረቱን እዪ። እውነተኛው ላይ ፊደሉ ይሰፋል፣ ሁለቱም ምስሎች ከፍ ብለው ሞላ ያሉ ናቸው፣ የፊደሉ ጫፍም እንደ እባብ ምላስ ለሁለት ይከፈላል። የማሽኑ ላይ ፊደሉ ይከሳል። ከጎኑ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚያብለጨልጭ ደረጃ ታገኛለሽ።

ወደ ኤስዋ ልመለስ። ሳንቲሙ የተመታበት የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምልክት ናት። ያኔ ይህች ፊደል ከሀቡ ጋር አትመጣም፤ ዳዩ ካለቀ በኋላ በእጅ ነበር የምትመታው። ፔኒ ላይ ይህ እስከ 1989 ቆይቷል። በሀቡ የመጣ ድርብ እሷን አይነካትም ማለት ነው። ከዓመቱ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርባ ካገኘሻት፣ የማሽን ነው።

ማጉያ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ኤስዋ አልተደረበችም ማለት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የማሽን ድርብ ዓመቱን ይዞ እሷን ሊተዋት ይችላል። እውነተኛው የ1969 ኤስ ላይ ሊበርቲ የሚለው ቃልም፣ ከሊንከን ምስል ራስ በላይ ያለው ጽሑፍም በግልጽ ተደርቧል። ከአንድ ዳይ ስለወጡ ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ከታወቀ ፎቶ ጋር አስተያዪው። በስልክ ፍላሽ አይሆንም፣ ያታልላል። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዢና በአንድ መብራት ሥር ቀስ እያልሽ አዙሪው።

ከዳላስ፦ እባክሽ እንዳታጥቢው! እውነተኛ ቢሆን እንኳ የታጠበ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል። እኔ ሳልጠይቅ ቸኩዬ አንዱን ለምርመራ ላክሁ። የምርመራውንም የፖስታውንም ከፈልኩ። የመጣልኝ መልስ «የማሽን ድርብ» የሚል ነው። በጣም ነው የተናደድኩት። መጀመሪያ እዚህ ብጠይቅ ኖሮ ገንዘቤ ይተርፍ ነበር።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅ። የከተማ ፊደል የሌለውስ እንዴት ይለያል?

የድሮ ሳንቲም፦ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የፊላዴልፊያ ነው። የ1955 እና የ1972 ታዋቂ ድርቦች ፊደል የላቸውም፤ በውፍረቱና በተሰነጠቀው ጫፍ ነው የሚለዩት። የ1955ቱ ያለ መነጽር ይታያል። ታሪኩን በጣም እወደዋለሁ። ከ20,000 በላይ እንደወጡ ይገመታል። ብዙዎቹ የተገኙት ከማሽን በሚሸጥ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ፣ መልስ ሆነው ነው። ግን 1955 ፎርጅድ ስለበዛበት፣ ከማታውቀው ሰው እንዳትገዛ። በእውነተኛው ጀርባ፣ ሴንት ከሚለው ቃል የመጨረሻ ፊደል በስተግራ፣ ቀጫጭን ቀጥ ያሉ ጭረቶች አሉ። እነሱን ፈልግ።

ካሸሯ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መነጽር ተውሼ አሁን አየሁት። ኤስዋም ከዓመቱ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርባለች። ደረጃውም ጠፍጣፋ ነው፣ ያብለጨልጫል። ሊበርቲ የሚለው ምንም የለውም። አዝኛለሁ፣ ግን ገባኝ። ነገ ወደ መሳቢያው እመልሰዋለሁ። ቤት አንድ ማሰሮ ሙሉ ፔኒ አለኝ፤ ዛሬ ማታ የ1972ቶቹን ለይቼ ማየት እጀምራለሁ።

የአሌክሳንድሪያው፦ በርቺ። ወፍራም ሊበርቲ ካገኘሽ ፎቶውን ከጎን በኩል አንሺልን።